የአለቃ ድርሻ

«እሱን እንዳትነኪው!»

የልብስ ሰፊዋ የባሏ እህት እሳት እንደነካው ሰው እጇን ከመደርደሪያው ላይ መንጭቃ አነሳች። የያዘችው እርጥብ ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሳሎን ውስጥ በውሰት ወንበር ላይ የተደረደሩት ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቋርጠው አንገታቸውን ወደ ጓዳ አሰገጉ።

«እታለም፣ ልጥለው ብዬ እኮ ነው። ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። ጉንዳን ሳይወርሰን...»

«ጉንዳን ከመጣ እኔው አነጋግረዋለሁ። አንቺ ብርጭቆሽን እጠቢ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ብላ ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ጓዳ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በአዝራር ቆርቆሮዋና በክር ጥቅልሎቿ መሐል፣ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለች ጡጫ የምታክል ነገር አለች። ባሏ በሞተ ዋዜማ ይዟት የገባት ናት። ሴትዮዋ ልትጥላት አልሆነላትም፤ ልትፈታት ደግሞ ፈርታለች። ለባሏ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ስለዚያች ጥቅልል ነበር። ቃሉም ደግ ቃል አልነበረም።

ሰፈሩ ሁሉ ሟቹን «እግረኛው» እያለ ነበር የሚጠራው። ሥራው ከተማ በእግር ማስጎብኘት ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶችን ሰዓት ማማው ሥር ይቀበልና፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ዱላ ከፍ አድርጎ ከፊት ከፊት ይሄዳል። በአሮጌው ሰፈር ጠባብ መንገዶች እያዞረ እዚህ ዳቦ፣ እዚያ የተጠበሰ ዓሣ፣ ወዲያ ማዶ የተቆላ ለውዝ ያስቀምሳቸዋል። በመሐሉ ወሬ አለ። ይህ ቤት ጣረሞት ይኖርበታል፤ በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ሻለቃ ለፍቅር ብሎ ራሱን ወርውሯል፤ ያ ጉድጓድ ስሙን ለጠራው ሰው መልስ ይሰጣል። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ከራሱ የፈለቀ። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሙታል። ሚስቱ ግን አንድም ቀን ተከትላው አታውቅም።

በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራና መንገዱ ታጥቦ ሲያበራ፣ «አለቃ፣ ዛሬ እንኳን ነይና አብረን እንዙር» ይላታል። አለቃ የሚለው እሷን ነው።

«የተወለድኩበትን ሰፈር አንተ ልታሳየኝ? ሂድና ለማያውቅህ ዋሽ።»

እሱ ይስቅና ዱላውን አንሥቶ ይወጣል። ያችን ቀይ ጨርቅ ከአንዲት ደንበኛ ቀሚስ ቁራጭ የሰፋችለት እሷ ናት። እንግዶቹ በሕዝብ መሐል እንዳይጠፉበት ብላ ነው። ይህን ያህል ታስብለታለች፤ አልናገርም ብላ ነው እንጂ።

አመሻሽ ላይ ሲመለስ ከኮቱ ኪስ ጥቅልሎቹን እያወጣ በስፌት መኪናዋ ጎን ይደረድራል። ዳቦው ቀዝቅዟል። ዓሣው ደርቋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንዳንዴ ሲርባት ቀመስ ታደርግ ነበር፤ በኋላ ግን ፊቷን አጨማደደች። «ዳቦው ጥግ ጥጉ ብቻ። ዓሣው ጨው እንኳን የለው። ጥሩ ጥሩውን እንግዶችህ በልተው፣ ለኔ ትራፊ ታመጣለህ?»

«ትራፊ አይደለም፣ አለቃ።»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

«አንተ ለጣረሞትም ትምላለህ!»

እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ወሬ ሲፈጥር የሚውልን ሰው ማን በመሐላው ያምነዋል? እሱም ከዚያ በኋላ አልማለም። ጥቅልሎቹን ግን ማምጣቱን አልተወም። እሷም ለጎረቤት ድመት መስጠቷን አልተወችም። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሆኖ አለፈ። የሚገርመው፣ ሁለቱም ግትር ሆነው ሳለ ሰፈሩ ግትር የሚላት እሷን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ቀን አመሻሽ ላይ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ነበር። ቀሚሱ ለማግስቱ ይፈለጋል፤ ዳንቴሉ ደግሞ አልቀመጥ ብሏታል። እሱ ገባ፤ እንደ ልማዱ ያችን ቡናማ ጥቅልል ነጩ ጨርቅ አጠገብ ሊያስቀምጥ እጁን ዘረጋ።

«ቅባቱን ልታስነካብኝ ነው? የሰው ትራፊ ይዘህ አትምጣብኝ አላልኩህም! ለውሻ ስጠው!»

እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ተንጠራርቶ መደርደሪያው ላይ፣ ከቀሚሱ አርቆ አስቀመጣት። «በቃ፣ ነገ ትበያታለሽ» አለ። በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር፣ እንደተጎነበሰ ቀረ።

ሦስተኛው ቀን በሰው ገብቶ በሰው ወጣ። ሻይ ይቀዳል፣ ከንፈር ይመጠጣል። ልብስ ሰፊዋ አላለቀሰችም። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ጎረቤቶች አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ሲንሾካሾኩ ይሰማታል።

«አንዲት ዘለላ እንኳን!»

«ልቧ ድንጋይ ነው፣ ተያት።»

«ድንጋይ እንኳን ሲዘንብበት ይረጥባል።»

«የሞተው ባሌ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ ድምፅዋን ሳታነሳ። «ጆሮዬ አልሞተም።»

ሴቶቹ ወዲያው ስለ ስኳር መወደድ ማውራት ጀመሩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የሟቹ ስልክ ጮኸ። ሰው ሁሉ ክው አለ። ስልኩ ከተቀመጠበት ከኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ኮቱም ከተሰቀለበት ከበሩ ጀርባ፣ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። የባሏ እህት ፊቷን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ሄደችና አወጣችው።

«ጋሼ፣ ደርሰናል!» አለ ደስ ደስ ያለው የሴት ድምፅ። «አራታችንም ሰዓቱ ሥር ቆመናል። ቀይዋን ጨርቅ እየፈለግን ነው!»

ሞቷል ለማለት አፏን ከፈተች።  ደስ ላለው ሰው በስልክ እንዴት ይነገራል?

«መጣሁ» አለች።

ከበሩ አጠገብ የተደገፈውን ዱላ አነሣች። የባሏ እህት ክንዷን ያዘቻት። «እታለም፣ ወዴት ነው? ሰው ምን ይላል? ገና በአራተኛው ቀን!»

«በአራተኛው ቀን ቀጠሮ ይሰረዛል የሚል ካለ ያምጣ። እዚያ ቆመው ይጠብቁት?»

ሰዓት ማማው ሥር አራት አሮጊቶች ቆመዋል። ምቹ ጫማ አድርገው፣ የውሃ ጠርሙስ ይዘው፣ ልክ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ልጆች ተሰልፈው። በስልክ ያናገረቻት ረጅሟ ሴትዮ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች። ቀይዋን ጨርቅ አይታ እጇን ልታውለበልብ ከጀመረች በኋላ፣ ጥቁር ልብሱን ስታይ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ጋሼስ?»

«ሞቷል። ዛሬ አራተኛ ቀኑ። ጫማውን ሲያስር።»

አሮጊቶቹ ደረታቸውን ያዙ። አስተማሪዋ ቀረብ ብላ፣ «እግዜር ያጥናዎት። እኛ እኮ አልሰማንም። ኑ፣ ወደ ቤት እንሸኝዎትና አብረን እንቀመጥ» አለች።

«ቤቴ ሰው ሞልቷል፤ የምትቀመጡበት ወንበር የለም።» ዱላውን ቀና አድርጋ ያዘች። «ለመዞር አይደል የመጣችሁት? ተከተሉኝ።»

መንገዱን አንድም ቀን ከእሱ ጋር አልሄደችውም፤ ግን በወረቀቱ ታውቀዋለች። ቡናማው ወረቀት የዳቦ ቤቱ ነው፣ ከድንጋይ ደረጃው ሥር። ቅባት የማያሳልፈው ነጭ ወረቀት የዓሣ ጠባሿ ነው፣ ከአሮጌው ወደብ መንገድ። የጋዜጣ ጥቅልሉ የለውዝ ሻጩ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መኪናዋ አጠገብ ሲደረደር የኖረውን ወረቀት ተከትላ መራቻቸው።

አንድ መስኮቱ የተዘጋ ቤት ጋ ሲደርሱ አስተማሪዋ የያዘችውን የጉብኝት ወረቀት ገልጣ፣ «ጣረሞት አለበት የተባለው ይሄ ነው?» አለች።

«ጣረሞት የለበትም። እዚህ የምትኖረው አንዲት መበለት ነበረች። መጋረጃዋን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ አስፈታችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ አጠረ ብላ። ጣረሞት ቢኖር ይሻል ነበር።»

አሮጊቶቹ ሳቁ፤ ሐዘንተኛ ፊት መሳቃቸው አሳፍሯቸው አፋቸውን ያዙ። «ግድ የለም፣ ሳቁ» አለቻቸው። «እሱም ይስቅ ነበር።»

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። ጋጋሪው፣ ቅንድቡ በዱቄት የነጣ ሽማግሌ፣ ዱላዋን ሲያይ አጎንብሶ እጅ ነሣ። «ቀብር ላይ ነበርኩ፣ አላዩኝም» አለ በቀስታ። ከዚያ ወደ ሥራው ዞረ። ከምድጃው ትልቁን አራት ማዕዘን ዳቦ አወጣ፤ ቢላውን አነሣ። መጀመሪያ ግን ለእንግዶቹ አልቆረጠም። ጥጉን፣ ሁለት ጎኑ ቅርፊት የሆነውን፣ ቆረጠና በቡናማ ወረቀት ጠቀለለ፤ ለብቻው አስቀመጠው። ከዚያ ነው ወደ መሐሉ የሄደው።

ልብስ ሰፊዋ ጥቅልሉን ትኩር ብላ አየችው። «ይሄ የማነው?»

«የአለቃ ነዋ።» አለና ቢላው በአየር ላይ ቆመ። «ወይ ጉድ! እጄ ለምዶ እኮ ነው። ይቅር ይበሉኝ። እሱ እንግዳ ይዞ ሲገባ፣ ማንም ሳይቀምስ በፊት፣ 'መጀመሪያ የአለቃን ቁረጥልኝ፣ ጥጉን' ይለኝ ነበር። ምጣድ ላይ የቀረ ጥግ አልፈልግም፣ ከትኩሱ ነው የሚለኝ። አለቃህ ማን ናት ስለው፣ 'በዓለም ላይ የምፈራት አንድ ሰው' ይላል።»

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን ተደገፈች። አንድ ነገር ትዝ አላት። ገና ሳይጋቡ፣ ሁለቱም ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው፣ መናፈሻ ውስጥ አንድ ዳቦ ለሁለት ሲካፈሉ፣ «መሐሉን አንተ ብላ፣ እኔ የምወደው ጥጉን ነው» ብላው ነበር። እውነት ትወደው ይሁን፣ ወይ ለስላሳው ለእሱ እንዲተርፍለት ብላ ይሁን፣ አሁን አታስታውሰውም። እሱ ግን አልረሳም።

«ይያዙት» አለ ጋጋሪው ጥቅልሉን እየሰጣት። ሙቀቱ በወረቀቱ አልፎ መዳፏን አቃጠላት። እስከ ዛሬ ትኩስ ሆኖ ደርሷት አያውቅም።

ዓሣ ጠባሿ ደግሞ ገና ከሩቁ ነው የጮኸችው። ድምፅዋም ወገቧም ወፍራም የሆነች ሴት ናት። «ውይ እናቴ! አለቃዋ እርስዎ ነዎት? ስንት ዓመት አበሳዬን ያሳዩኝ!»

«እኔ? እኔ እዚህ ረግጬ አላውቅም!»

«ጨው የሌለው ለብቻው ጥበሽ፣ ዘይቱንም ቀይሪ! ከሌላው ጋር አትቀላቅዪብኝ! ደም ብዛት አለባት፣ ሐኪም ከልክሏታል! ይለኛል። ጨቅጭቆ ጨቅጭቆ ሊገድለኝ ነበር እኮ። አንድ ቀን ተሳስቼ ጨው ብነሰንስበት፣ እዚያው አስቁሞ እንደገና አስጠበሰኝ። እንግዶቹ ተሰልፈው ቆመው!»

ልብስ ሰፊዋ ከሱቁ ደጃፍ ባለው የድንጋይ እርከን ላይ ቁጭ አለች። ዱላው ከእጇ ወደቀ። አስተማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ትራፊ ነው ብዬ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ነግሮኝ ነበር፤ ምሎልኛል። አላመንኩትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለድመት ስሰጥ ኖርኩ።»

አስተማሪዋ የወደቀውን ዱላ አነሣችላት። «ድመቷስ?» አለች። «ወፍራለች?»

«በርሜል አክላለች!»

ሳቋ ሳይታሰብ አመለጣት። ትከሻዋ ተናወጠ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና እንባ ሆነ። አራት ቀን ታቁሮ የኖረው አንድ ላይ ወረደ። አሮጊቶቹ ከበቧት፤ አንዷ ጀርባዋን ታሻለች፣ አንዷ ውሃ ትከፍታለች። ዓሣ ጠባሿ ምድጃዋን አጥፍታ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ ከሁሉም ጮክ ብላ ታለቅሳለች።

«እኔስ መቼ ሄድኩለት?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በየዓመቱ ነይ ይለኝ ነበር።»

«የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» አለች አስተማሪዋ። «ሁላችንም እንደዚያው ነን። ዛሬ ግን ሄዱለት።»

ቤት ስትመለስ ለቀስተኞቹ ዞረው አዩዋት። ዓይኗ አብጧል። ሁለቱ ጎረቤቶች አይተዋት ተያዩ። ዱላውን በሩ ጋ መልሳ አቆመችው፤ ቀይዋን ጨርቅ ዘርጋ አድርጋ አስተካከለቻት። ወደ ጓዳ ገባችና ያልቀዘቀዘውን ጥቅልል ለባሏ እህት ሰጠቻት።

«ይሄን አንቺ ብዪ፣ ትኩስ ነው። ወንድምሽ የሚያስቆርጠው ነው።»

ከዚያ ተንጠራርታ የመደርደሪያውን ጥቅልል አወረደችው። ወረቀቱን ፈታችው። ጥግ ነው፤ ሁለት ጎኑ ቅርፊት፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ።

«እታለም፣ ጥርስሽ ይሰበራል! ይኸው ትኩሱ እያለልሽ...»

«ይሄ የኔ ነው።»

ከቴርሞሱ ሻይ ቀዳች። በስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ዳቦውን ነከረችው፤ እስኪለሰልስ ጠበቀች። ቀስ ብላ፣ እያላመጠች፣ አንዲት ቁራጭ ሳታስቀር በላችው። ሲያልቅ ጣቷን በምላሷ አረጠበችና ወረቀቱ ላይ የቀሩትን ፍርፋሪዎች አንድ በአንድ እየለቀመች አፏ ውስጥ ጨመረቻቸው። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ የአዝራር ቆርቆሮዋ ውስጥ ከታ ከደነችው።