አመል ሌላ፣ ባሕርይ ሌላ

ወጉ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሽማግሌ ልጅ ሊለምን በሄደበት ቤት መልስ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም። የወደብ ከተማዋ ሰፈር የሃያብለ ሙቀት ግን ወግ አያውቅም። ጋሽ እንድሪያስና ታፈሰ፣ ሁለቱም ዕድሜያቸውን ተሳቢ ላይ የጨረሱ ሾፌሮች፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ላባቸው ይንጠፈጠፋል፤ ፊታቸው የተቀመጠውን ቀዝቃዛ ውሃ ዞር ብለውም አላዩት። የመጡት ስርጉትን ለጀንበሬ ሊለምኑ ነው።

አጎቷ ዋለልኝ ነው ያሳደጋት። ልመናውን አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ።

«ልጁ ይጠጣል አላልኩም፣ ይቅማል አላልኩም» አለ። «ቢኖርበትም አመል ነው። አመል ይገራል፤ እኔን ራሴን ሲጋራ ያስተወችኝ ይቺው ልጅ ናት። ባሕርይ ግን አብሮ ይወለዳል፣ አብሮ ይቀበራል። እሳት ማቃጠል አመሉ ነው የሚል አለ? ባሕርዩ ነው።»

«ታዲያ ጀንበሬ ምን ባሕርይ ተገኘበት?» አሉ ጋሽ እንድሪያስ።

«የአባቱ። ሚስቱንና ይኼንኑ ልጅ ድሬዳዋ ጥሎ፣ ጭነት አደርሳለሁ ብሎ እንደወጣ ቀረ። እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ ይባል የለ? እኔም አባቱን አየሁ።»

ታፈሰ «ዱባና ቅል...» ብሎ ጀመረና ተወው። ሰውየው የሚያወራው እውነት ነው።

ይኼን ጊዜ ስርጉት መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። የምትለመን ልጅ ሽማግሌ መሀል ስትገባ ማን አይቶ ያውቃል! ዋለልኝ ተመለሺ ሊላት አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«ጋሼ፣ የኔስ አባት?» አለች። አልተቆጣችም፤ የቲማቲም ዋጋ የምትጠይቅ ነው የምትመስለው። «እናቴን ከነሆዷ ጥሏት ሄደ አይደል? ለጀንበሬ ሰዎችም ይንገሯቸዋ። እንዳይታለሉ።»

ዋለልኝ ክው አለ። ሐቁን እንናገር ከተባለ፣ ክፉ ሆኖ አይደለም የከለከለው፤ ፈርቶ ነው። እህቱ፣ የስርጉት እናት፣ በር በሩን እያየች ስትሞት አጠገቧ ነበር። ስርጉትን እንደዚያ ሆና ማየት አይችልም፤ በቃ፣ አይችልም።

«አንቺማ የእኔ ልጅ ነሽ» አለ። «እኔ አይደለሁ ያሳደግሁሽ?»

«ጀንበሬንም አያቱ አሳድገውታል።»

ዋለልኝ ያልተነካውን ውሃ ወደ ሽማግሌዎቹ ገፋ አደረገው።

«በሉ መርቁ» አለ በመጨረሻ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ምርቃቱ ሲወርድ ስርጉት ከመጋረጃው ጀርባ ስቅስቅ ብላ ታለቅስ ነበር። ታፈሰ የደስታ እንባ መሰለው። አባቷ ጥሏት እንደሄደ እዚያ ቤት ውስጥ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው አውጥቶ ተናግሮ አያውቅም፤ የተናገረችው እሷ ራሷ ናት።