የእህቴ ነጎድጓድ፣ የኔ ማስነጠስ

በዚህ ዓለም ላይ ነጎድጓድን በእጁ የሠራ ሰው ቢፈለግ ከኔ ሌላ አይገኝም። ደመናን ጠይቁት፤ እሱ ራሱ ይቀናብኛል። ከቤተ መቅደሱ ምስል ጀርባ በር የሚያህል ቆርቆሮ በሰንሰለት አንጠልጥያለሁ። በክርኔ ገፋ ሳደርገው ሐይቁ ማዶ ያሉ ላሞች ጥጆቻቸውን ይጠራሉ። ውሸት ነው ያለ ሄዶ ላሞቹን ይጠይቅ።

ቤተ መቅደሱ የሐይቁ እናት የምትመለክበት ነው። ካህኒቷ ደግሞ ታላቅ እህቴ ናት። ሕዝቡ «እሜቴ» ይላታል፣ እኔ «እትዬ» እላታለሁ፣ እሷ ስትቆጣኝ «አንተ ቆርቆሮ» ትለኛለች። ሳትቆጣም ያው ነው።

እህቴ አጭር ናት፤ ይህን ግን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ከዓሣ ቅርፊት የተሰፋ ካባ ለብሳ፣ ከካባው ሥር ወፍራም የእንጨት ጫማ ተጫምታ፣ እኔ በወናፍ የማናፋውን ቢጫ ጭስ ሰንጥቃ ስትወጣ ሕዝቡ ትንፋሹን ይውጣል። እጇን ስታነሣ ቆርቆሮዬን እገፋለሁ። ከጣሪያው ቀዳዳ የሚገባውን ፀሐይ በትልቁ መስታወቴ እቀበልና የምስሉ ፊት ላይ እደፋዋለሁ። በመጨረሻ ስትመርቅ፣ ከምስሉ አንገት የተያያዘውን ገመድ ሳብ ሳደርግ፣ የሐይቁ እናት «ይሁን» እንደማለት ራሷን ትነቀንቃለች። አንገቷ ላይ ያለውን ማጠፊያ የሠራሁት እኔ ነኝ። የዓለም አናጢዎች ቢያዩት ሙያቸውን ይተዉ ነበር።

ታዲያ እህቴን አታላይ ናት እንዳትሉብኝ፤ እንጣላለን። «እሜቴ፣ እናታችን እንዴት ነው የምትነቀንቀው?» ብሎ የጠየቃትን ሁሉ «በገመድ ነዋ!» ትለዋለች። ሰዉ ቀልድ መስሎት ይስቃል። እውነት ተናግሮ እንዲህ የሚሳቅለት ሰው እድለኛ ነው።

ከጸሎት በፊት ደግሞ ዕቃ ቤት ትገባለች። በገመዶቼና በመዘውሮቼ መሀል ጫማዋን አውልቃ ትንበረከክና የሐይቁን እናት እንደ ጎረቤት ታዋራታለች። «እናቴ፣ ዛሬም ነጎድጓዱ የወንድሜ ነው፤ ታውቂዋለሽ፣ ቻይው። ብርሃኑ ግን ያንቺ ነው፤ እኛ አጠፍነው እንጂ አልሠራነውም። ድምፄን አደራ፣ መሀል ላይ እንዳይሰነጠቅ።» በር ላይ ቆሜ ስሰማት ዓይኔ እንባ ያቀራል። ከጭሱ ድኝ የተነሣ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ።

አንድ ሕግ ብቻ ነበራት። «ሰው እናታችንን ጥያቄ ሲጠይቃት ገመዱን እንዳትነካ። እሷን ማድመቅ ሥራችን ነው። በእሷ አፍ መናገር ግን ሥራችን አይደለም።»

«እኔ ገመዱን በአንድ ጣት ይዤ አልንቀሳቀስም፤ ድንጋይ ነኝ።»

«ድንጋይማ ነህ። ድኙን ቀንስ።»

አልቀነስኩም። ጭስ ያለ ድኝ ጭስ ይባላል እንዴ?

እንግዲህ አንዲት ሸክላ ሠሪ የመጣችው በዚያው ቀን ነው። አንድያ ልጇ ማሰሮዎቿን በጀልባ ጭኖ ሐይቁን ሲሻገር ማዕበል ተነሥቶ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም ነበር። ያቦካችው ጭቃ ደጃፏ ላይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ቀርቷል። ጸሎቱ መሀል ሕዝቡን እየገፋች ወጣችና ምስሉ ፊት ቆመች።

«እናቴ፣ ልጄ አለ ወይስ የለም? ከሞተ ላልቅስ፤ ካለ ልጠብቅ። መሀል ላይ መቆም አቃተኝ።»

እኔ ከምስሉ ጀርባ ገመዱን በአንድ ጣት ይዤ እንደ ቃሌ ድንጋይ ሆኛለሁ። ግን ድኙ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ ይኮረኩረኝ ጀመር። ታገልኩት። አንበሳ ብታገል ይሻለኝ ነበር። አስነጠሰኝ፤ ማስነጠስም ብቻ አይደለም፣ ተራራ የተናደ ያህል ነው። ክርኔ ቆርቆሮውን መታው፤ ነጎድጓድ ሆነ። ጣቴ ገመዱን ሳበው፤ የሐይቁ እናት ራሷን ነቀነቀች።

እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው! ሸክላ ሠሪዋ መሬት ላይ ተደፍታ ወለሉን ትስማለች። «አለ! ልጄ አለ!»

በምስሉ ብብት ቀዳዳ እህቴን አየኋት። በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ትርኢት ሠርታ አታውቅም። ዝም ብትል ሰባት አገር ይከተላት ነበር። በልቤ «እትዬ፣ ዝም አይነቅዝም፤ ዝም በይ» አልኩ።

እጇን አነሣች። ሕዝቡ ጸጥ አለ።

«ገመድ ነው» አለች።

ሕዝቡ ሳቀ፤ የለመደው ቀልድ ነዋ።

«አልቀለድኩም። አንተ ቆርቆሮ፣ ና ውጣ!»

እንደ ጀግና ወጣሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ። እግሬን ገመዱ ጠልፎኝ በደረቴ ወጣሁ፤ ፊቴ ጥላሸት፣ አፍንጫዬ ቢጫ።

«ንገራቸው።»

«አስነጠሰኝ» አልኩ። ከተወለድኩ እንደዚያ አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም።

እህቴ ከእንጨት ጫማዋ ወረደች። ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ቁመቷን አየ። ሸክላ ሠሪዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እህቴ፣ እናታችን አልመለሰችልሽም። የነቀነቃት ይሄ ነው። እኔም አላውቅም። ብዋሽሽ ደግሞ ነገ እሷ ፊት በምን ዓይኔ እቆማለሁ?»

ሸክላ ሠሪዋ ካባዋን ጨምድዳ ያዘቻት፤ የዓሣው ቅርፊት ወለሉ ላይ ተበተነ። «ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ለአንድ ቀን እንኳ ብደሰት ምን ነበረበት?»

እህቴ ካባዋን አላስለቀቀችም። አንዳንዱ ሰው እያጉረመረመ ወጣ። አንድ ዓሣ አጥማጅ «ይህን ሁሉ ዘመን ለገመድ ስንሰግድ!» እያለ በሩን ወርውሮት ሄደ። ሸክላ ሠሪዋ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ቀና አለች።

«እንግዲያ ሞቷልም አላለችም?»

«አላለችም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ እንጠብቀው እላለሁ። አብሬሽ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ፣ መስታወቱን አውርደው። ዳር ላይ እናቁመው። መንገድ የጠፋው ጀልባ ካለ ብልጭታውን ይየው።»

ያንን መስታወት ብቻዬን ተሸክሜ ሐይቁ ዳር ካለው ቋጥኝ ላይ አወጣሁት። እርግጥ ሰዉ ዳር ዳሩን ይዞልኛል፤ በሩን የወረወረው ዓሣ አጥማጅም አንዱን ጥግ ይዞ ነበር፣ እያጉረመረመ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፀሐይዋን እየተከተልኩ መስታወቱን አዞራለሁ። ፀሐይ እኔን ትከተል ነበር ብል ይቀላል።

እህቴ በባዶ እግሯ ከሸክላ ሠሪዋ ጋር ትቀመጣለች። ጸሎት ሲደርስ ግን ተነሥታ፣ ደረቷን ነፍታ፣ የተቦጫጨቀ ካባዋን ለነፋሱ ትዘረጋለች። ከእኛ በቀር የሚያይ የለም። አንድ ቀን ሸክላ ሠሪዋ ሳቋ አመለጣት።

«እሜቴ፣ እዚህ ደግሞ ለማን ነው?»

«ለእሷ ነዋ! ለእሷ ያልደመቅሁ ለማን ልደምቅ?»

ሸክላ ሠሪዋ በማግሥቱ ጭቃ ይዛ መጣች። ሐይቁን እያየች ማቡካት ጀመረች።

እንዲህ ሁላችንም ዓይናችንን ውኃው ላይ ተክለን ሳለ፣ አንድ ከሲታ ጎረምሳ በምርኩዝ እያነከሰ ከጀርባችን፣ በእግረኛ መንገድ መጣ። አጠገባችን ቆሞ እሱም ወደ ሐይቁ ተመለከተ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምታዩት?»

ጀልባው ማዶ ተሰብሮ፣ እግሩም አብሮ ተሰብሮ፣ ሰዎች አስታመውት፣ ሐይቁን ዞሮ በእግሩ ነው የመጣው። ብልጭታውን አየህ ወይ ብዬ ብጠይቀው የምን ብልጭታ አለኝ፤ የዛሬ ልጅ ምስጋና አያውቅም። እናቱ መጀመሪያ በጥፊ አለችው፣ ከዚያ አቀፈችው፤ ጭቃማ መዳፏ ጀርባው ላይ ታትሞ ቀረ።

እህቴ ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ፊቷን ሸፍና ስታለቅስ አገኘኋት። ያለ ጭስ፣ ያለ ምን።

«እትዬ፣ እንግዲህ ማስነጠሴ ትንቢት ነበር!»

«ድኝ ነበር።»

«ታዲያ ልጁ መጣ አይደል?»

አፍንጫዋን በካባዋ ጠረገች። «ማን እንዳስነጠሰህ እኔም እያሰብኩ ነው» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ደግሞ «ሂድና ገመዱን ድርብ አድርገህ ከግንዱ ጋር ቋጥረው። ለምርቃት ብቻ ትፈታዋለህ።»

«እናታችን እንደገና መናገር ብትፈልግስ?»

«እሷ ከፈለገች ያንተ ቋጠሮ ያግዳታል?»

ሄጄ ቋጠርኩት። እንዲህ ያለ ቋጠሮ ዓለም አላየችም። በሚቀጥለው ጸሎት ምርቃቱ ደርሶ እህቴ እጇን ስታነሣ፣ በጥርሴም በጥፍሬም ብል አልፈታ አለኝ። ምስሉ ቀጥ ብሎ ቀረ። እህቴ ወደ ኋላ በዓይኗ ጠራችኝ፤ ነገሩ ሲገባት እየሳቀች ራሷ አንገቷን ደፋች። ሸክላ ሠሪዋ ደፋች፣ ልጇ ደፋ፣ ዓሣ አጥማጁም ሳይወድ በግድ ደፋ፤ ቤቱ ሙሉ።

ቋጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈታም። እፈታዋለሁ የሚል ጀግና ካለ ይምጣ። ድኙን ግን እንዳያሸት።