ዜሮም ሊሆን ይችላል

ፀዳል ስሟ ተጠርቶ ወደ ማይክራፎኑ ስትራመድ ከፊት የተቀመጡት ሰዎች ብድግ ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። የሆቴል ጽዳት ሠራተኞችና የወጥ ቤት ረዳቶች ነበሩ። ከመካከላቸው የሥራ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ የመጡት አጭር ሴት አክስቷ እትዬ ብዙዬ ናቸው።

ከዴንቨር ጎን ያለችው የአውሮራ ከተማ ምክር ቤት የሚወስነው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ይጨመር ወይስ አይጨመር የሚለውን ነው። ፀዳል የመጣችው ባለሙያ ሆና ነበር። በልጅነቷ ያሳደጓት እትዬ ብዙዬ ናቸው፤ ቀን ሆቴል፣ ማታ ሆስፒታል እየጠረጉ። ኢኮኖሚክስ ያጠናችውም ሀብት በተረፈበት አገር ድህነት ለምን እንደማይለቅ ለማወቅ ነበር። አሁን የምትሠራው ዴንቨር በሚገኝ የዶክተር ኢሳይያስ የጥናት ድርጅት ውስጥ ነው፤ የዛሬውን ጥናት ያዘዙት ደግሞ የሆቴልና የሬስቶራንት ባለቤቶች ናቸው።

«ክፍያው ቢጨመር» አለች ድምፅዋን አጥርታ፣ «ዕድሜያቸው ከስድሳ ካለፈና እንግሊዝኛ ከማይችሉ ሠራተኞች ከአሥሩ አንዱ ሥራውን ያጣል።»

ከኋላዋ አንዲት ሴት «ሼም! ነውር ነው!» ብላ ጮኸች። ሌሎችም ተቀበሏት።

ፀዳል አልዋሸችም። ግን ስሌቱ መጀመሪያ የሰጣት አንድ ቁጥር አልነበረም፤ ከዜሮ አንሥቶ ከአሥሩ ሁለቱ ሥራ ያጣሉ እስከሚል የሚደርስ ሰፊ ግምት ነበር። ዶክተር ኢሳይያስ ዳርና ዳሩን ቆርጠው መሐሉን አስቀሩት። «ሰፊ ግምት ስትሰጫቸው ምንም አልሰጠሻቸውም» ነበር ያሏት። እሷም ሳትከራከር ተቀበለች።

አንዲት የምክር ቤት አባል ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «ይህ ቁጥር ምን ያህል አስተማማኝ ነው?»

ዶክተር ኢሳይያስ ከሁለተኛው ረድፍ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። ያ አተያይ አናደዳት። የምትመልሰው ለእውነት ብላ ይሁን በእልህ፣ ለራሷም አልታወቃትም።

«ዜሮም ሊሆን ይችላል» አለች።

አዳራሹ ተንጫጫ። ሆኖም ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ሌላ አባል ተነሥቶ «ባለሙያዋ ራሷ ከአሥር አንዱ ብላናለች» አለ። ጭማሪው በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ኢሳይያስ ጠበቋት።

«ከሰኞ ጀምሮ እንዳትመጪ።»

«እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ዶክተር።»

«እውነቱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ፣ ካፖርታቸውን እየደረቡ። «ዜሮ ስትዪ የሰማሽ የለም። ከአሥር አንዱ ስትዪ ግን ሁሉም ሰማሽ። ይህን ያህል ተምረሽ ሥራችን ምን እንደሆነ አልገባሽም።»

እትዬ ብዙዬን አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አገኘቻቸው። ንፋሱ አቧራ ያነሣል።

«እትዬ፣ መኪናዬን እዚሁ ፓርክ አድርጌያለሁ። ላድርስዎት።»

«አስተርጓሚው ሲናገር ሰማሁ፤ ከስድሳ ያለፈ፣ እንግሊዝኛ የማይችል ያልሽው እኔን ነው?»

«ሥራዎን እንዳያጡ ፈርቼ እኮ ነው። እርስዎን እያሰብኩ ነው የሠራሁት።»

«ጠየቅሽኝ?»

ፀዳል ፍላጎታቸውን የምታውቅ መስሏት ነበር፤ እሳቸውን መጠየቅ በሐሳቧም አልመጣም።

«በመጨረሻ ግን ተናግሬያለሁ» አለች። «ከሥራም አባረውኛል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» እትዬ ብዙዬ ወደ መንገዱ ዞሩ። «አንቺስ ሌላ ቦታ ትቀጠሪያለሽ። የኔ አለቃ ነገ ያንቺን ቃል እየጠቀሰ ነው አፌን የሚያስይዘኝ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። እትዬ ብዙዬ የበሩን ብረት ይዘው አንድ እግራቸውን ካነሡ በኋላ ቆም አሉ።

«ያ ዜሮ ያልሽው የት ነው የተጻፈው?»

«የትም። አስወጡት።»

«አስወጡት?» አሉ አሮጊቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያዩ። «ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ።»

«ያስወጣውስ?»

ፀዳል አፏን ከፈተች። ሹፌሩ መጠበቅ ሰልችቶት እትዬ ብዙዬን አሳፍሮ በሩን ዘጋው፤ አውቶቡሱም ወደ ኮልፋክስ ጎዳና ታጠፈ።