ሰባት ቁጥር አርፈዋል

ሃያ ዓመት ካርድ ክፍል ስሠራ አንድም ሰው ድምፅሽ ያምራል ብሎኝ አያውቅም። እንዲያውም በዚያች ጠባብ መስኮት «ተራህን ጠብቅ! ካርድህን አስቀድም!» እያልኩ ስጮህ የሰማኝ ሁሉ ፊቱን ያጨማድድ ነበር። ወረርሽኙ ገብቶ ጠያቂ ሆስፒታል እንዳይገባ በተከለከለ በሳምንቱ ግን ሲስተር አስጠራችኝና ስልክ ላይ አስቀመጠችኝ። ሲስተር የምንላት የወረርሽኙን ሕሙማን ክፍል የምትመራውን ነርስ ነው። «አንቺ ወሬ አያልቅብሽም፤ ሰው ሲያለቅስም አትሸሺም» አለችኝ። ስድብ ይሁን ሹመት እስካሁን አልገባኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ሬዲዮ» ይለኝ ጀመር።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲስተር ከውስጥ ትደውልልኛለች፤ የእያንዳንዱን አልጋ ሁኔታ በቁጥር ትነግረኛለች፤ እኔ እየጻፍኩ ከዚያ ለየቤተሰቡ እደውላለሁ። ወረቀቱ ላይ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ምግብ የሚሉ ዓምዶች ነበሩ። ሲስተር መጨረሻው ላይ በእጇ አንድ ዓምድ ጨመረችበት፤ ርእሱን «የሚያስመሰግን» አለችው። «ለማንም ቢሆን ቁጥር ብቻ ነግረሽ እንዳትዘጊ። ከየአልጋው አንድ አንድ የሚያስመሰግን ነገር ፈልጌ እሰጥሻለሁ፤ እሱን ሳትናገሪ ስልክ አይዘጋም» ብላ አስጠነቀቀችኝ።

ሳቅኩባት። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን የሚያስመሰግን ነገር ይገኛል? ሴትየዋ ግን ትፈልግና ታገኛለች። «አራት ቁጥር ዛሬ ፀጉሬን አበጥሩልኝ ብላለች።» «አሥራ አንድ ቁጥር ሾርባው ጨው የለውም ብሎ መለሰው፤ ምላሱ መቅመስ ጀመረ ማለት ነው።» ይህችን ይህችን ስነግራቸው ከወዲያ በኩል ያለው ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እኔም ለመድኩት። ጧት ቧንቧው ውኃ ከሰጠኝ «ተመስገን»፣ ሳላስል ካደርኩ «ተመስገን» እያልኩ፣ በሰው ሁሉ ላይ መዓት ሲወርድ እኔ ምስጋና ለቃሚ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ሰባት ቁጥር ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሰባ ያለፉ ሽማግሌ። ትንፋሽ እያጠራቸው እንኳ የነርሷን ጋውን አይተው «የማነው ስፌት? እጅጌው ተጣሟል፣ ፍቺውና አምጪልኝ» ማለታቸውን ለልጃቸው ስነግራት እየሳቀች አለቀሰች። «አባዬ ነው! እሱ ራሱ ነው!» ልጅቷ አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ከእናቷ ጋር ቤት ውላለች። ፊቷን አይቼው አላውቅም። «እህት ዓለም» ነው የምትለኝ። ከታመሙ ጀምሮ አባትየው እንቅልፍ እንቢ ስላላቸው የሁልጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ «ሌሊቱን አረፈ?» እኔም «ትንሽ አርፈዋል» ወይም «ብዙም አላረፉ» እላታለሁ። በእኔና በእሷ መካከል ይህ ቃል እንቅልፍ ማለት ነበር።

ከሰባት ቁጥር ጎን፣ እዚያው መስኮት ሥር፣ ስምንት ቁጥር አለ። ስምንት ቁጥር የእኔ ወንድም ነው። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ፣ ባለታክሲ፣ ቀልደኛ። የእሱን ሁኔታም እንደማንኛውም ሰው በወረቀት ነበር የምሰማው።

ሐሙስ ጠዋት ሲስተር ደወለች። ድምፅዋ ደክሟል። «ዛሬ ከመስኮቱ ሥር አንድ አልጋ ባዶ ሆኗል» አለችና ሳል ያዛት።

ያ ሳል ስንት ጊዜ እንደፈጀ እንጃ። እርሳሱ ከእጄ ወደቀ። በሐሳቤ ወንድሜን ቀበርኩት፣ ለእናቴ ምን እንደምላት አሰብኩ፣ ታክሲው ማን ጋ እንደቆመ ሳይቀር አሰብኩ።

«ሰባት ቁጥር ናቸው» አለች ሳሉ ሲለቃት። «ሊነጋጋ ሲል።»

«ተመስገን!» አልኩ። በሆዴ አይደለም፤ ጮክ ብዬ።

ሲስተር «አይዞሽ» ብቻ ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉንም ነግራኝ ስትጨርስ፣ «የሰባት ቁጥርን ቤተሰብ አስቀድሚ። አስከሬን የሚወስደው መኪና በስምንት ሰዓት ይወጣል፤ አንድ ሰው በኋላው በር በኩል ቆሞ መሸኘት ይፈቀድለታል። ማንንም አይጠብቅም፤ በጊዜ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ወዲያው ደወልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ አነሳችው።

«እንዴት አደርሽ፣ እህት ዓለም! አባዬስ? አረፈ?»

«አዎ» አልኳት፤ «አርፈዋል።» ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ መርዶ እንደሚነገረው አድርጌ ነው ያልኩት። እኔ መርዶ ነገርኩ፤ እሷ እንቅልፍ ሰማች።

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! ኧረ በስንት ቀኑ! እማዬ! እማዬ፣ አባዬ ተኛ!» ከወዲያ በኩል የአሮጊት እልልታ ሰማሁ። «እህት ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ! እባክሽ አትቀስቅሱት በያቸው!» አለችና ዘጋችው።

ከመዝጋቷ በፊት አንድ ቃል ማስገባት እችል ነበር። ሬዲዮ የተባልኩ ሴት ቃል አጥቼ አይደለም። ግን እሷ ያለችው ቃል ከጥቂት ደቂቃ በፊት እኔው በአባቷ ሞት ላይ የጮህኩት ቃል ነበር።

መልሼ ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። እንደገና ደወልኩ፤ ተይዟል። ለዘመድ አዝማድ ሁሉ የምሥራች እየነገረች መሆን አለበት። ሌሎች አሥራ አራት ቤተሰቦች ይጠብቁኝ ስለነበር ወደነሱ አለፍኩ። ከማለፌ በፊት ግን አንድ ነገር አደረግኩ። ኋላ ለኋላው በር ዘበኛ በሚሄደው ወረቀት ላይ «ቤተሰብ ተነግሯል» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች፤ እርሳሴን አንስቼ ምልክት አደረግኩባት። ታዲያ አልነገርኩም? ቃሉን ብያለሁ። አገር ሁሉ ለሞተ ሰው የሚለውን ቃል ነው ያልኩት። እሷ በሌላ ተረዳችው፤ እኔ ምን ላድርግ? ዓይኔን በጨው ታጥቤ ለራሴ እንዲህ እያልኩ ቆየሁ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና ደወልኩ። ጠራ። ያነሱት እናትየው ናቸው።

«የሆስፒታሏ ልጅ ነሽ? እኔኮ ድምፅሽን በሩቁ ነው የምሰማው። ልጄ አስቤዛ ልትገዛ ወጣች። ዛሬ ገላዬን ታጠብኩ፣ እህልም ቀመስኩ። እሱ ተኛ ሲሉኝ እኔም ራበኝ፤ ጉድ እኮ ነው!» ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ክፉ አይንካሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ያለሽን ያቆይልሽ።»

ያለኝ እዚያ አልጋ ላይ ነበር። «አሜን» አልኩ።

«ልጅዎ ስትመለስ ትደውልልኝ ይበሏት።»

«ምነው፣ በደህና?»

«በደህና ነው፣ እማማ።»

በደህና ነው ካልኩ በኋላ ማን ይደውላል? አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። በየአሥር ደቂቃው ስልኩን አያለሁ፣ እጄን እዘረጋለሁ፣ አሮጊቷ ገና አሁን እህል መቅመሳቸው ትዝ ይለኛል፣ እጄን እሰበስባለሁ። ለእሳቸው ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ነበር ያዘንኩት። ያቺ ሴት ከእንግዲህ «እህት ዓለም» እንደማትለኝ አውቄያለሁ።

ከቢሮዬ መስኮት የኋላው በር ይታያል። ስምንት ሰዓት ላይ መኪናው መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ግራ ቀኝ አየ። «የሰባት ቁጥር ቤተሰብ የለም እንዴ?» አለው ዘበኛውን። ዘበኛው ወረቀቱን ገለጥ አድርጎ፣ «ተነግሯቸዋል ይላል። ፈርተው ነዋ የቀሩት፤ ምን ያድርጉ» አለ። ከላይ ሆኜ «ቁሙ!» ማለት እችል ነበር። መጋረጃውን ይዤ ቆምኩ። መኪናው ሄደ።

አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ወጣሁ። አድራሻቸውን ካርዳቸው ላይ አገኘሁት፤ ለሃያ ዓመት ካርድ ክፍል የኖረች ሴት አድራሻ አይጠፋትም። ከሆስፒታሉ ብዙም አይርቅም፤ ስምንት ሰዓት ለመድረስ ሰባት ተኩል ቢነሱም ይደርሱ እንደነበር በእግሬ ለካሁት።

በሩ ላይ ማስክ ያደረገች ቀጭን ሴት ፍራሽ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታራግፋለች። «እንዴት ዋልሽ» ስላት ዱላውን ጥላ ዞረች።

«እህት ዓለም! አንቺ ነሽ?» ልታቅፈኝ እጇን ዘርግታ፣ በሽታው ትዝ አላትና ሳቀች። «ፍራሹ እኮ የአባዬ ነው። ሲመለስ የሚተኛበትን…» ዓይኔን አየችው። ከማስኩ በላይ ሌላ ምን ይታያል? እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አባትሽ ሞተዋል» አልኳት።

«መቼ? አሁን?»

«ሊነጋጋ ሲል።»

«ሊነጋጋ ሲል?» ግራ ተጋባች። «ጠዋት እኮ አረፈ ብለሽኝ…» አለችና አቆመች። ቃሉ ዞሮ ሲገባት አየሁ። ፍራሹን ያዝ አደረገች። «የት ነው ያለው?»

«ተቀብረዋል። በስምንት ሰዓት መኪናው ወጣ። አንድ ሰው መሸኘት ይፈቀድ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሷ ግን አልጮኸችም፤ እናቷ እንዳይሰሙ መሆኑ ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መልሰሽ አትደውዪም?» አለችኝ።

«ደውዬ ነበር፤ መስመሩ ተይዞ…»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ አይደለም።» ከዚህ በኋላ መዋሸት አቃተኝ። «ስምንት ቁጥር ወንድሜ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲባል እሱ መሰለኝ። አባትሽ መሆናቸውን ስሰማ ደስ አለኝ።»

«ደስ አለሽ?»

«ደስ አለኝ። ከዚያ አንቺም ደስ ሲልሽ ሰማሁ። መናገር አፈርኩ።»

ብዙ አየችኝ። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ እንድትሰድበኝ እፈልግም ነበር፤ ተሰድቤ፣ ቅጣቴን ተቀብዬ፣ ቤቴ ልሄድ። አልሰጠችኝም።

«እማዬ ዛሬ በልታለች» አለች። «ከስንት ቀን በኋላ። ለእሱ እሷ ታመስግንሽ። እኔ አላመሰግንሽም።» ወደ ቤት ልትገባ ጀመረችና በሩ ላይ ዞረች። «ነገ ለሌላው ሰው ስትደውዪ፣ ሞተ በይ። በቃ፣ ሞተ።»

ጩኸቱን ሳልሰማ ልርቅ ሮጥኩ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሰማሁት።

በማግስቱ ለሲስተር ሁሉንም ነገርኳትና ከስልኩ ላይ አንሺኝ ብዬ ለመንኳት። ፊቷ ጠቆረ። «ሌላ ሰው የለኝም፤ ቁጭ በይ» አለችኝ። ቁጭ አልኩ። ወደ ልብስ ሰፊው ቤት ግን ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም፤ ጠዋት ጠዋት «አረፈ?» የምትለኝ እሷ ስለነበረች የጠዋቱ ዝምታ የእሷ ይመስለኛል።

ወንድሜ ከዚያ ሐሙስ በዘጠነኛው ቀን በእግሩ ወጣ። እናቴ ደጃፍ ላይ ጠብቃው ምድር ሳመች። ቤቱ በ«ተመስገን» ሞላ። እሱም እንደ ልማዱ «እዚያ ያለው ምግብ ነው ያባረረኝ» እያለ ያስቃቸዋል። እኔም ደስታው ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ውሸት አልናገርም፣ ሞልቶ ነበር። ወደ አፌ ሲመጣ ግን ፍራሽ የያዘች ሴት ታየኝና ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብዬ ወጣሁ። ምንም አልጣድኩም።

በእነዚያ ቀናት ከክፍሉ የሞተ ሰው አልነበረም። ወንድሜ ከወጣ ከሳምንት በኋላ አሥራ ሦስት ቁጥር ሞተች፤ የአንድ አናጺ ሚስት፣ የሁለት ልጆች እናት። ለባልየው ደወልኩ።

«ሄሎ፣ እንዴት አደረች?» አለ ሰውየው።

«ባለቤትህ ሞታለች» አልኩት። «ዛሬ ጠዋት ሞተች። መኪናው በስምንት ሰዓት ይወጣል። በኋላው በር ና፤ ትደርሳለህ።»

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ። እስኪጨርስ አልዘጋሁም። ሲጨርስ፣ «ስምንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?» አለ፤ ደገምኩለት።

በስድስት ሰዓት መጣ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመ። ስምንት ሊሞላ ሲል እኔም መጋረጃውን ትቼ ወረድኩና ከዘበኛው ጎን ቆምኩ። መኪናው አጠገቡ ሲደርስ ሹፌሩ አዘገመ። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። አሥር እርምጃ ራቅ በል ተብሏል፤ አንድ እርምጃ ወደፊት ገባ፣ ዘበኛው ያላየ መሰለ።

«በይ እንግዲህ» አላት። «ልጆቹን እኔ አለሁ።»

መኪናው ታጥፎ ሄደ። ሰውየው ባርኔጣውን መልሶ አደረገ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ስንብቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይህችው ናት። የልብስ ሰፊውን ልጅ የነጠቅኳት ይህችን ነው።