በሳፋ ውስጥ የቆመው ራስ ክምር

በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ ከባሕር ዳር የሐይቅ ዳርቻ እንቦጭ የሚያጸዱት ሰዎች ማጭዳቸውን ይዘው ወደ አቶ ሣህሉ አጥር ሲያመሩ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው በራቸው ላይ ይጠብቋቸው ነበር። አቶ ሣህሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲጠይቁ እንጂ ሲጠየቁ አልኖሩም፤ የዛሬው ጣጣም የመጣው ከዚሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት የሰፈሩ ጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ፀሐይወርቅ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፣ በጓሯቸው ረግረግ ጫፍ ከሰው ቁመት በላይ የቆመውን ተክል አየችና፣ «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

አቶ ሣህሉ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ «በገዛ ጓሮዬ ለተከልሁት ቃሌን ልስጥ?» አሏት።

እሷም ሄደች። ነገሩን ግን ለኮሚቴው አቀረበች።

ተክሉ ራስ ክምር ነው። በእንፍራንዝ መንገድ ዳር፣ በየቦዩ አፋፍ፣ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ቀጥ ባለው ግንዱ ላይ እሾሃማ ድቡልቡል እንቡጦች አንዱ ከአንዱ በላይ ይደረደራሉ፤ ጊዜው ሲደርስ ብርቱካንማ አበባ ከየድቡልቡሉ ይፈነዳል። አቶ ሣህሉ ዘሩን ከዚያ ለቅመው፣ በመደብ ላይ ችግኝ አፍልተው፣ ክረምቱ ሲገባ ውኃ ወደማይተኛበት፣ እርጥበት ግን ወደማይለየው የጓሯቸው ዝቅታ አዛወሩት። የመጀመሪያውን ዓመት ሥሩን ሲሰድድ ከረመ፤ ዘንድሮ ተመዘዘ።

ይህን ሁሉ የደከሙት ለንቦቻቸው ነው። አደይ አበባ ካለፈ በኋላ የዘጌ ቡና እስኪያብብ ድረስ ንብ የምትቀስመው ታጣለች። አምና በዚያ የችግር ወራት ንቦቻቸው ቀፎ እየጣሉ ኮበለሉ። የቀረው ከማንጎው ሥር ያለው አንድ ቀፎ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰሞኑ ድምፁ ሳስቷል። ራስ ክምሩ ዛሬ ነገ ካላበበ ያ ቀፎ ባዶውን እንደሚቀር አቶ ሣህሉ ያውቃሉ።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?» አለች ፀሐይወርቅ። ቦት ጫማዋ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሷል። «ሐይቁን በሚዋሰን ረግረግ ላይ ያልታወቀ ተክል ከተገኘ እንዲነቀል ተወስኗል።»

«ያልታወቀ ለማን?»

«ለእኛ ነዋ!»

«እኔ አውቀዋለሁ። ራስ ክምር ይባላል። ያገር ተክል ነው።»

አጠገቧ የቆመው ቴዎ፣ የኮሌጅ መምህሩ፣ ሳቁ አመለጠው። «ያገር ተክል ከሆነ፣ ጋሼ፣ ማን በጓሮው ሲተክለው አይተው ያውቃሉ? ሰው ለፍቶ የሚተክለው ከውጭ የመጣውን ነው። ያገሩንማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

ሰዎቹ ሳቁ።

«ስም ማንም ያወጣል» አለች ፀሐይወርቅ፤ እሷ አልሳቀችም። «አባቴ ደምቢያ ውስጥ፣ ከቆላ ድባ በታች፣ ሽንብራ የሚዘራበት የሐይቅ ዳር ማሳ ነበረው። እንቦጭ የመጣ ጊዜ ‹አበባው ሲያምር!› ያላለ ሰው አልነበረም። ዛሬ ማሳው የለም። እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አላይም።»

ቴዎ ጎንበስ ብሎ ከዳር ያለውን ረድፍ ማጨድ ጀመረ። ረጃጅሞቹ ግንዶች ከነእንቡጣቸው እርስ በርስ ተደጋግፈው ወደቁ።

«ቁም!»

የችሎት ድምፅ ነበር። ቴዎ ማጭዱን አንጠልጥሎ ቀረ።

«ማስረጃ አቀርባለሁ» አሉ አቶ ሣህሉ። «እንቦጭ በውኃ ላይ ይኖራል፤ አፈር አይሻም። የእኔ ተክል ግን ከአፈሩ ከተለየ ይሞታል። አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ በሐይቁ ውኃ ውስጥ አኖረዋለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከጠወለገ ትተዉልኛላችሁ።»

«ካልጠወለገስ?» አለች ፀሐይወርቅ።

«ሁሉንም ትነቅላላችሁ።»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የከበዳቸው። ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው፣ በተተኮሰ ሱሪያቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ያ ጀርባ ጎንበስ ሲል ያየ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ፀሐይወርቅ ልታግዛቸው እጇን ስትዘረጋ፣ «ተይው» አሏት። ከሁሉ የረዘመውን፣ እንቡጡ ሊፈነዳ የተቃረበውን መረጡ፤ ማስረጃ ሲመርጡ ደካማውን ማቅረብ አያውቁበትም። የፕላስቲክ ሳፋ በሐይቁ ውኃ አስሞልተው፣ ተክሉን ከአጥሩ ጋር አስደግፈው አቆሙት። ሰዎቹም ወደ እንቦጫቸው ተመለሱ።

አቶ ሣህሉ ከሳፋው አጠገብ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከረረች። እንደ ልጅ ያሳደጉትን ተክል፣ ምነው በሞተ እያሉ ቅጠል ቅጠሉን ያዩ ጀመር። ረፋዱ ላይ ቅጠሎቹ ትንሽ ዘንበል አሉ፤ ልባቸው ሞቀ። የማንጎው ጥላ ዞሮ ሲደርስበት ግን ውኃውን ጠጥቶ ቀና አለ። ያኔ ስሕተታቸው ወለል ብሎ ታያቸው። ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ አበባ እንኳ ሳይጠወልግ ቀን ይውላል! ይህን ያህል ነገር ሳይመረምሩ በቀፏቸው ላይ ፈርደዋል።

ግራ ቀኝ አዩ። ሰው የለም። እጃቸው የሳፋው ጠርዝ ላይ አረፈ። ውኃውን አዘንብለው ቢደፉት፣ ሙቀቱ የቀረውን ይጨርሰው ነበር። ከማንጎው ሥር የቀፎው ሳሳ ያለ ድምፅ ይሰማል። እጃቸው እዚያው ጠርዙ ላይ ቆየ። ከዚያ አነሡትና በሱሪያቸው ጠረጉት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰዎቹ ተመለሱ። አቶ ሣህሉ ከዱካው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አልጠወለገም» አሉ። «ተረትቻለሁ። ግቡና ንቀሉ።»

ቴዎ ማጭዱን ይዞ ወደ ጓሮው አለፈ። ፀሐይወርቅ ግን ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ቅጠሉን ብቻ ሲያዩ፣ ከላይኛው ድቡልቡል ብርቱካንማ አበቦች ፈንድተው ወጥተው ነበር፤ በአንዱ ውስጥ ንብ ተቀርቅራለች። ፀሐይወርቅ ሌላውን አበባ በጣቶቿ ቀስ አድርጋ መዘዘችና ጭራውን ከከንፈሯ አድርሳ መጠጠችው።

ጣዕሙን አወቀችው።

«ይኼንን ከትምህርት ቤት ስንመለስ እየመጠጥን ነው ያደግነው» አለች። «ከአባቴ ቦይ ዳር። እንቦጭ የሚባል ነገር ሳይሰማ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ቴዎ! ማጭድህን ይዘህ ውጣ!»

«እንዴ፣ ውሉስ? ራሳቸው አይደሉም እንዴ ያሉት?»

«ውሉን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ሰብሳቢዋ እኔ ነኝ። ውጣ አልሁህ!»

ቴዎ እያጉረመረመ ወጣ። ፀሐይወርቅ የታጨደውን ረድፍ አየች።

«ያ ሞተ ማለት ነው?»

«ሥሩ ካልተነካ ያቆጠቁጣል» አሉ አቶ ሣህሉ። «ለዘንድሮ ንብ ግን አይደርስም።»

እሷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀና ብላ በቀጥታ አየቻቸው። «ግን ጋሼ፣ ያን ዕለት ስጠይቅዎ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ሲያብብ ቆሜ አየው ነበር።»

አቶ ሣህሉ የደረቀውን የጉልበታቸውን ጭቃ ተመለከቱ። ከዚያ ሳፋውን በአንድ በኩል ያዙ።

«ይኼኛውን አንቺ ውሰጂው። ደጅሽ ረግረግ አለው አይደል? ያዢልኝ፤ ይከብዳል።»

ሳፋውን ለሁለት ይዘው ቁልቁል በሐይቁ አቅጣጫ ወደ ደጇ መውረድ ጀመሩ። ንቧ አበባውን ለቅቃ ወደ ማንጎው በረረች።

«እና አተካከሉ እንዴት ነው? ልጠይቅዎ ይቻላል?» አለች ፀሐይወርቅ።

«ጠይቂ» አሉ አቶ ሣህሉ።