በበለሱ ላይ የታሰረው

መንበረ በለስ ዛፏ ላይ የታሰረውን ነገር ያገኘችው ፍልሰታ በገባ በማግስቱ፣ ፍሬ ልትለቅም ጓሮ በወጣችበት ጠዋት ነው። ከቅጠሎቹ ኋላ፣ በዓይኗ ትክክል፣ አንድ ቅርንጫፍ መሃል ላይ ቡጢ የሚያህል ጥቅል አለ። ላዩ ፎይል ነው። ፎይሉን ጥቁር ክር ደጋግሞ ጠምጥሞታል፤ ሦስት ቦታም ተቋጥሯል።

እጇን ሰደድ አድርጋ መለሰችው። ኦክላንድ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ነርስ ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ደም አይታ የማትደነግጥ ሴት ናት። ሰው ስለ መተት ሲያወራ «የስኳር መድኃኒታችሁን በሰዓቱ ዋጡ» እያለች የምታላግጠው እሷ ነበረች። አሁን ግን አማተበች። ክሩን አውቃዋለች። ከራሷ የስፌት ሳጥን የወጣ፣ የሐዘን ቀሚሷን ያሳጠረችበት ወፍራም ክር ነው።

ማን እንዳሰረው ለማወቅ አልተቸገረችም። ሰኔ መጨረሻ ላይ የባሏ የክንፉ ሙት ዓመት ሲወጣ፣ ታናሽ ወንድሙ ደምመላሽ ከሳን ሆዜ መጥቶ ነበር። ሰዉ ሳሎን ሲበላ ቢላዋ ይዞ ወደ ጓሮ ሲወጣ በኩሽና መስኮት አይታዋለች። እንግዳ ያመጣውን ሐባብ ሊቆርጥ መስሏት ዝም አለች። ለነገሩ ልታናግረውም አትፈልግም ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ተኳርፈዋል። «ወንድሜ አንድ ሰዓት መንገድ ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሲሞት ደበቀችኝ» ብሎ በሰው ፊት አዋርዷታል። እሷም ዶክተሩ እረፍት ስላዘዘ ነው ብላ ለሁሉም አስረድታለች፤ ነርስ ስለሆነች ሁሉም አመናት።

ዶክተሩ ምንም አላዘዘም ነበር። ክንፉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሦስት ጊዜ «ደምመላሽን ጥሪልኝ» ብሏታል። ሦስቱንም ጊዜ እሺ ብላ አልጠራችውም። ደምመላሽ ሲደውልም «ተኝቷል» ትለዋለች። ሁለቱ ወንድማማቾች ሲገናኙ ልጅ ይሆናሉ፤ ይሳሳቃሉ፤ እሷ ሾርባ አቅራቢ ሆና ትቀራለች። የቀሩትን ቀናት ለብቻዋ ፈለገቻቸው። ይህን ለንስሐ አባቷም አልተናገረችም። ስለዚህ ጥቅሉን ስታይ መጀመሪያ የመጣላት «የእጄን አገኘሁ» የሚል ነው።

ቤት ገብታ ጸበል አመጣችና ከሩቅ ረጨችበት። ከዚያ ስልኳን አነሳች።

«በለሱ ላይ ምንድን ነው ያሰርከው?»

ደምመላሽ በጥያቄ መለሰላት። «እትዬ መንበረ፣ ነኩት እንዴ?»

«ምን እንደሆነ ንገረኝ።»

«እባክዎ እንዳይከፍቱት። አሁን ከተከፈተ ይሞታል።»

«ማነው የሚሞተው?»

«በስልክ የሚሆን አይደለም፣ መጥቼ አስረዳዎታለሁ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ኩፐርቲኖ። ሺፍቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል።»

«አሁን ካልመጣህ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ።»

«ፖሊስ ምን ብለው?»

ስልኩን ዘጋችበት።

እስኪመጣ ድረስ ምሳ አልበላችም፣ አረፍ አላለችም። የወገብ ሕመሟ የጀመራት መቼ እንደሆነ አሰበች፤ ሐምሌ ነው። የምድጃው መበላሸት፣ ሐምሌ። ልጇ ደውላ ያመናጨቀቻት፣ እሱም ሐምሌ። ሰው አንዴ መደመር ከጀመረ የማይደመር ነገር የለም፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ያልታሰረባት የቀረ አካል አልነበረም።

ደምመላሽ የጥበቃ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ በትራፊክ ላብ ርሶ ገባ። ቀጥታ ወደ ዛፉ ሄዶ ጥቅሉን በመዳፉ ደገፍ አደረገና ደህና መሆኑን ሲያይ ተነፈሰ።

«መተት መሰለዎት?» አላት ክሩንና ፊቷን እያየ።

«ሌላ ምን ይመስላል?»

«የቅርንጫፉን ልጣጭ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ላጥኩት። የተላጠውን በእርጥብ ሞስ፣ ውሃ በሚይዘው ሣር መሳይ ነገር፣ ሸፍኜ፣ በፕላስቲክና በፎይል ጠቀለልኩት። ዛፉ ላይ እንዳለ እዚያች ጋ ሥር ያወጣል። ከዚያ ከሥሩ በታች ተቆርጦ ሌላ ቦታ ይተከላል። ክንፉ ነው ያሳየኝ። ክር ረስቼ ስለመጣሁ ከእርስዎ ሳጥን ወሰድኩ፣ እሱ ጥፋቴ ነው።»

«ሌባ ካልሆንክ ለምን ተደብቀህ?»

«አንድ ቅርንጫፍ ልውሰድ ብዬ ቴክስት አድርጌልዎት ነበር እኮ። ‹ከዚህ ቤት ቅጠል አይወጣም› ብለው መለሱልኝ። የሚከራይ ቤት ሊሠሩበት ነው፣ ፐርሚት ወጥቷል፣ በመስከረም ዛፉ ይቆረጣል ሲሉ ሰማሁ። ምን ላድርግ? ዛፉን የተከለው ወንድሜ ነው፤ እጁ ያረፈበት ሌላ ነገር የለኝም።»

እውነቱን ነው፤ ሁሉንም ብላለች፣ ኮንትራክተሩንም ቀጥራለች። «ክፈተው» አለችው።

«ገና አምስት ሳምንቱ ነው። ሥሩ አልጠናም። ሦስት ሳምንት ብቻ ይታገሱኝ፣ ከዚያ ወስጄው ዓይንዎ አያየኝም።»

«ሞስ ይሁን ሌላ እኔ በምን አውቃለሁ? እፊቴ ክፈተው፤ አለዚያ አሁኑኑ በመጥረቢያ አወርደዋለሁ።»

እንደምታደርገው ያውቃል። ክሩን በጥርሱ በጠሰ፣ ፎይሉን ገለጠ፣ ፕላስቲኩን ቀስ አድርጎ ላጠ። ከጠቆረው ሞስ ውስጥ ነጫጭ፣ ቀጫጭን ነገር ተጠላልፎ ወጣ። መንበረ ወደ ኋላ አለች።

«ፀጉር ነው። የማን ፀጉር ነው?»

«ይንኩት።»

በጣቷ ጫፍ ነካችው። አንዱ ቀጭን ነገር ተቀጥፎ እጇ ላይ ቀረ፤ አሸተተችው። አፈር አፈር፣ በለስ በለስ ይላል። ሥር ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም።

አፈረች፣ ክፉኛ አፈረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር፣ ይቅርታም ይጠይቅ ነበር። መንበረ ግን ስታፍር የምትቆጣ ሴት ናት። ደምመላሽ ፕላስቲኩን መልሶ ሊጠቀልል ሲጎነበስ «ተወው። አሁን ቆርጠህ ሂድ» አለችው።

«ላይጸድቅ ይችላል እኮ።»

«እሱ ያንተ ጉዳይ ነው።»

ከመኪናው መጋዝና ባልዲ አምጥቶ፣ ከሥሩ በታች ቆረጠው። ነጩ የበለስ ወተት እጁ ላይ ተንጠባጠበ። ሥሮቹን በሞሱ እንደተያዙ ባልዲው ውስጥ አስቀምጦ በአፈር ሸፈናቸው፤ አንድ በአንድ፣ ሰው የታመመ ልጅ እንደሚያስተኛ። ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት። ቁጣው በርዶለታል።

«እትዬ፣ ከቀብሩ ወዲህ ሳስበው ነበር። ክንፉን አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ሆኖ እንዳየው አይፈልግም። ‹አትንገሪው› ያለዎት እሱ ራሱ ነው፣ አይደል? የእርስዎ ጥፋት አልነበረም። በሰው ፊት ስላልኩት ይቅር ይበሉኝ።»

አዎ ማለት ብቻ ነበረባት። ውሸቱን ራሱ ሠርቶ፣ ጠቅልሎ አቀረበላት፤ መቀበል ብቻ ነው። ግን ጓሮዋ ገብቶ፣ እሷን ባሳፈራት ቀን፣ ደግ ሆኖ መቆሙ አንጀቷን አቃጠላት። ይቅር ሊላት የመጣ መሰላት። ሲያማት የቆየውን ነገር እሱን ለማሳመም አወጣችው።

«አይደለም። ሦስት ጊዜ ጠርቶሃል። እኔ ነኝ ያልደወልኩልህ። የመጨረሻው ማክሰኞ ነበር፤ ‹መጣ ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹መንገድ ላይ ነው፣ ትራፊክ ይዞት ነው› አልኩት። እስኪመሽ በሩን ሲያይ ዋለ።»

ደምመላሽ ጎንበስ ብሎ ባልዲውን በሁለት እጁ አቀፈ፣ ወደ አጥሩ በር ሄደ። በሩን በክርኑ ከፈተና ዞረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አንቱታውን አጓድሎባት አያውቅም።

«ምነው እውነትም መተት አስሬብሽ በነበረ» አላት።