ዳኛው የለካው መረብ

የተጫዋቻችን የትሬ አባት ካራዌይ፣ ሮዝ ቀለም ቁምጣውን ለብሶ፣ ገና ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣ በስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ሸርጣን እየቀቀለ ቢራ ይጋብዛል። እንደ እሱ ያለ አባት ግቢውን ሞልቶታል። የኮሌጅ ላክሮስ የብሔራዊ ዋንጫ ፍጻሜ ለእነሱ ሰርግ ነው፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ የሚሮጡት ለአጃቢነት ይመስላቸዋል። ላክሮስ ጫፉ ላይ መረብ ባለው ዱላ ኳስ እየቀለቡና እየወረወሩ የሚጫወቱት ነው። የቡድኑን ዱላዎች መረብ መሥራት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፤ ሰውዬው ልጁ በተጫወተበት አራት ዓመት ውስጥ ስሜን አልያዘም።

«አንተ!» አለኝ፣ የልጁን የትሬን ዱላ እያወዛወዘ። «ይሄን እየው። ባለሙያ አስመጥቼ እንደገና አሠራሁት። ያንተማ የዓሣ መረብ ነው!»

መረቡ እንደ ከረጢት ረግቧል። ኳሷ ከጠርዙ በታች ከሰጠመች ዱላው ሕገወጥ ነው፤ ዳኛው ለክቶ ጎል ይሽራል።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ጠልቋል…»

«ባክህ ክርህን ቋጥር!» ጓደኞቹ ሳቁ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ብሎ የሚያምን ሰው መረብ አይገባውም።

ከጨዋታ በፊት ሁሉንም ዱላ የምለካው እኔ ነኝ። የትሬ መረብ ላይ ኳስ ጣልኩ፤ ሰጠመች። ትሬ ጠጋ አለኝ።

«ጋሽ ቨርን፣ አባቴ ሳያይ አጥብቅልኝ።»

የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። «ባለሙያችሁን ጠይቀው» ብዬ ዱላውን መለስኩለት። ካራዌይ በሕዝብ ፊት ሲዋረድ እየታየኝ ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

ዘጠኝ እኩል ሆነን፣ አርባ ሰከንድ ሲቀር ትሬ አገባ። ካራዌይ ቢራውን ከፊቱ በተቀመጡት ሰዎች ላይ ደፍቶ ዘለለ። ዳኛው ግን ዱላውን ተቀብሎ ኳሷን መረቡ ላይ ጣለ፤ ሰጠመች። ጎሉ ተሻረ፤ ትሬ ወደ ቅጣት ወንበር ወጣ። አንድ ሰው ጎድለን፣ ከቅርብ መትተው አገቡብን፤ ተሸነፍን።

ካራዌይ መተላለፊያው ላይ «ዳኛው ተገዝቷል!» እያለ ይጮሃል። እኔ የማየው እሱን አልነበረም። በረኛችን ማላካይ ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ኳስ በደረቱና በጭኑ መልሷል። የካፍቴሪያ ሰሃን እያጠበ ለተማረው ልጅ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፤ ካራዌይን መታሁ ብዬ እሱን አስለቀስኩት። በራሴ አፈርኩ።

መልበሻ ክፍል ከትሬ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የለም። ማላካይ እያነከሰ መጣ።

«ጋሽ ቨርን፣ ጠዋት ለክተኸው ነበር አይደል?»

«ለክቼዋለሁ።»

«እና?»

«ልክ ነበር» አልኩ።

«በቃ፣ ጨዋታው መሃል ረግቦ ነው። አንተ እኮ አትሳሳትም።» ሄዶ ከትሬ ጎን ተቀመጠ፣ ትከሻውን አቀፈው። «ሰማህ? ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ጋሽ ቨርን ራሱ ልክ ነበር ብሏል።»

ትሬ ቀና ብሎ አየኝ። 

«አዎ» አለ፣ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል። «ልክ ነበር።»